ሦስተኛው ሰንጢ

ሰንጢዎቼን የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ደርድረው ፎቶ አነሷቸው። አሥራ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ፖሊስ እያንዳንዱን ከእጥፋቱ እየከፈተ፣ ስለቱን ወደ መስኮቱ እያዞረ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደረደራቸው። ሲጨርስ የጠረጴዛ ልብሱን ጫፍ ሳብ አድርጎ በመዳፉ አስተካከለው። ፎቶው ላይ ተጨማዶ እንዳይታይ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኪስህ ውስጥ ያለውንም» አለኝ። አውጥቼ ሰጠሁት። አሥራ ሦስት ሆኑ።

ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ቤታችን ከቁስቋም ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ብርዱ ገና አይለቅም። ባለቤቴ የሌሊት ልብሷ ላይ የእኔን ካፖርት ደርባ በሩ ጋ ቆማ ነበር።

«ብርቱካን የሚልጥበት እኮ ነው» አለች።

«በአሥራ ሦስት ሰንጢ?» አለ ፖሊሱ። አልሳቀም፤ መልስም አልጠበቀም።

የመጡት ለሰንጢ አልነበረም። ወረቀት ፍለጋ ነው። በአንድ የጉለሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄአለሁ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቻችን ከክፍል ተጠርተው ከወጡ ወር አልፏቸው ነበር፤ የት እንዳሉ የሚነግረን የለም፤ በፊርማ መዝገቡ ላይ ግን በየቀኑ «ቀሪ» ይባላሉ። እጄን አውጥቼ፣ «የተወሰደ ሰው ቀሪ ይባላል ወይ?» አልኩ። ሌላ የተናገርኩት ነገር የለም። ያጨበጨበም አልነበረም። ርእሰ መምህሩ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ስለዚህ ወረቀት ፈለጉ። የልጄን ደብተሮች አገላበጡ፤ የባለቤቴን የመዝሙር ደብተር ገጽ በገጽ አዩት፤ የፈተና ወረቀቶቼን አራገፉ። ምንም የለም። መውጫቸው ላይ ነው አንዱ የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መሳቢያ የሳበው። ባለቤቴ ከአሮጌ መጋረጃ ኪስ ኪስ አድርጋ የሰፋችልኝ የሰንጢዎቼ መያዣ ጥቅል ጨርቅ ነበር። ሲዘረጋው ፊቱ ላይ የታየውን እፎይታ አልረሳውም። ባዶ እጁን ከመመለስ ድኗል።

ሰንጢ መሰብሰብ የጀመርኩት በሥራዬ ሰበብ ነው። ተማሪዎች የግንድ ውስጥ ውስጡን እንዲያዩ ስስ አድርጎ የሚቆርጥ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ ምላጭ ደግሞ እጅ ይበላል። አንድ ሰንጢ ገዛሁ። ኪሴ ውስጥ ኖረ። ብርቱካን ላጥኩበት፤ እርሳስ ቀረጽኩበት፤ የፈተና ጥቅል ሲባጎ በጠስኩበት። ቀስ በቀስ የሌሎች ሰዎችን ሰንጢ ማየት ጀመርኩ። አዲስ ሰንጢ አይስበኝም። የምወደው በሰው ኪስ ውስጥ የኖረውን ነው። አንዱ የሎንችን አውቶቡስ ሹፌር ንብረት ነበር፤ በተገኘው ድንጋይ ላይ ሁሉ ሲሳል ኖሮ ስለቱ ግማሹ አልቋል። አንዷ ጡረታ የወጣች ጎረቤታችን የሰጠችኝ ናት፤ ነርስ ነበረች፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋሻ የቆረጠችባት፣ ከጣት የማትበልጥ ትንሽ ሰንጢ። አንዱ የቀንድ እጀታ ያለው የአንጥረኛ ሥራ ነው፤ ከአናጢ ጋር በመጋዝ ለውጬ ያገኘሁት። ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ። ደብተሩም ከጥቅሉ ጋር ነበር። እሱን ፎቶ አላነሱትም። አንደኛው ፖሊስ ሁለት ገጽ አንብቦ እንደሚደብቅ ሰው በብብቱ ያዘው።

እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ጣቢያ ወሰዱኝ። ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ተቀበሉኝ። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ሲከፈት መሬቱን እየፋቀ የሚከፈት። ውስጡ መጀመሪያ አይታይም፤ ይሸታል። ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ጥግ ያለው የሽንት ባልዲ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ብዙ እግር አየሁ። ፊታቸውን ከማየቴ በፊት እግራቸውን ነው ያየሁት። ሃያ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ከእኔ ጋር ሃያ ሰባት።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም ከእስረኞቹ መካከል ቦታና ተራ የሚያከፋፍለው፣ ብረት በያጅ የነበረ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው።

«በምንድን ነው የመጣኸው?» አለኝ።

«በሰንጢ» አልኩት።

«ወግተህ?»

«ሰብስቤ።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ካቦው አልሳቀም። ከባልዲው ሦስተኛ ሰው ሆኜ እንድተኛ ቦታ አሳየኝ፤ ለአዲስ ገቢ ያ ደግ ቦታ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

በእስር ቤት ስለት የሚባል ነገር የለም። ይህን መጀመሪያ የሚያውቀው የሰው ጥፍር ነው። ሰው ጥፍሩን በጥርሱ እየነከሰ ይቆርጣል፤ የእግሩን ጥፍር ግድግዳው ላይ ይፈገፍጋል። ባለቤቴ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ እሷ ካልቻለች የቤተ ክርስቲያኗ እህቶች ተራ ገብተው ያመጣሉ። ብርቱካን ሲልኩልኝ ጠባቂዎቹ ውስጡ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር በአውራ ጣታቸው ይፈለቅቁታል። ጭማቂው ፈስሶ፣ ፌስታሉ ውስጥ ዳቦውን አርሶ ይገባል። የመጀመሪያ ቀን ያንን ብርቱካን ሳይ እጄ ራሱን ችሎ ወደ ቀኝ ኪሴ ገባ። ባዶ ኪሴን ይዤ ቆየሁ።

በአራተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ።

ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። ሻይ አዘዘልኝ። «መምህር» እያለ፣ «እርስዎ» እያለ ነበር የሚያናግረኝ። እውነቱን ለመናገር፣ አራት ቀን መሬት ላይ ከተኛሁ በኋላ ያ «እርስዎ» አንጀቴን አራሰው። ወዲያው አመንኩት።

ደብተሬ ፊቱ ተከፍቷል።

«ይሄ ምንድን ነው መምህር? ‹የነርሷ፣ አንድ።› ነርሷ ማን ናት?»

«ጎረቤታችን ነበረች። አርፋለች።»

«‹የሹፌሩ፣ ስለቱ ያለቀ።› ሹፌሩስ?»

«ከመኪና ተራ ያገኘሁት ሰው ነው። ስሙን አላውቀውም።»

«ለምንድን ነው ስም የማይጽፉት?»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ሙያቸው የሚበቃ መስሎኝ ነው የጻፍኩት። እንዲያ ብዬ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀና በእርሳስ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረው። ጣቱ ያረፈበትን አየሁት። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው፦ «ከሐጂ፤ አዲሱ ገበያ፤ ሁለት። ሦስተኛው ይመጣል።»

«ሦስተኛው ምንድን ነው?»

«ሰንጢ ነዋ።»

«ከየት ነው የሚመጣው? መቼ?»

«ሐጂ አገኝልሃለሁ ብለውኝ ነው። አዲሱ ገበያ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ድስት፣ ገመድ፣ ቁልፍ፣ ሰንጢም ይሸጣሉ። አንድ አሮጌ ሰንጢ አለ፣ አመጣልሃለሁ አሉኝ። በቃ። ይህን ያህል ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ደስ አለኝ። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረጃ ያለኝ መሰለኝ። ያለ የሌለ ልቤን ሰብስቤ፣ አስተማሪ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዳው አድርጌ፣ «ራሳቸውን ይጠይቋቸው» አልኩት። ሱቁ ከየትኛው የታክሲ ማቆሚያ በላይ እንደሆነም ነገርኩት። በሩ አረንጓዴ መሆኑንም ነገርኩት።

መርማሪው ሻዬን እንድጨርስ ጠበቀኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው በር መሬቱን እየፋቀ ተከፈተና ሐጂን አስገቧቸው።

ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ጫማቸው ማሰሪያ ስለሌለው ተረከዛቸውን እየጎተቱ ነው የሚራመዱት። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። በሩ ሲዘጋ ባሉበት ቆሙ፤ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ። እኔ አየኋቸው፤ እሳቸው ገና አላዩኝም። ያቺ ደቂቃ ረዘመችብኝ። ሃያ ምናምን ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የምደበቅበት ቦታ ፈለግሁ። አልክድም፤ ፈለግሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ ለሁሉም። የሚመልሱት መለሱ። ከዚያ አዩኝ።

«መምህር! እርስዎም እዚህ ነዎት?»

«እዚህ ነኝ ሐጂ።»

«አላህ ያውጣን» አሉና ካቦው ያሳያቸው ቦታ ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ባልዲው አጠገብ ነበር። ተነሣሁና ቦታዬን ሰጠኋቸው። ምርቃት አወረዱብኝ። ምርቃቱ እንደ ስድብ ተሰማኝ፤ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከእሳቸው ጋር የነበረን ትውውቅ የደንበኛና የባለሱቅ ነው። ሰንጢ የሚገባቸው ሰው ናቸው። ደንበኛ ሲመጣ ከማሳየታቸው በፊት ራሳቸው ከፍተው ዘግተው፣ የማጠፊያውን መላወስ በጆሯቸው ያዳምጣሉ። የማይረባ ከሆነ «ይሄን አልሸጥልዎትም» ይሉኛል። ከሱቃቸው ሁለት ሰንጢ ለመግዛት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሌላውን ጊዜ አወራን እንጂ አልገዛሁም።

አሥር ሰዓት ገደማ ሲሆን በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ውዱእ አድርገው ከሌሎች ሦስት እስረኞች ጋር ሰገዱ። እኛ ቦታ እንዲሆናቸው ተጨናንቀን ተነሣን። እሳቸው ሲሰግዱ እኔ ግድግዳውን ይዤ የምላቸውን እደረድር ነበር። «ሳላስበው ነው።» «ሊይዙዎት ይችላሉ ብዬ አልጠረጠርኩም።» ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ግን ማምለጫ ይመስላል። ለሠላሳ ዓመት ያህል ተማሪ «እኔ አይደለሁም ቲቸር» ሲለኝ ሰምቻለሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ።

ሲጨርሱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ እርስዎን ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ስምዎን አልጠራሁም። ስምዎንም አላውቀውም። ሱቁን ግን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ይጠይቋቸው አልኩ።»

መቁጠሪያቸውን ስለተቀበሏቸው በጣታቸው አንጓ ነበር የሚቆጥሩት። ጣታቸው ቆመ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ሊይዙኝ ሲመጡ ደብተሩን አሳዩኝ። ‹ይሄ ማን ነው?› አሉኝ። እጅ ጽሑፍህን አውቀዋለሁ፤ ሱቄ ውስጥ ቆመህ ስትጽፍ አይቼ የለ?»

«አንተ» እንዳሉኝ ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

«ታዲያ ገና ሲገቡ ለምን አልተናገሩኝም? ቦታዬን ስሰጥዎት መረቁኝ።»

«ራስህ ትነግረኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ካቦው ተራ እየጠራ ሰው ወደ በሩ ስንጥቅ ሄዶ አየር እንዲስብ ያደርግ ነበር፤ ለያንዳንዱ አምስት አምስት ደቂቃ። የሐጂ ተራ ደረሰና ሄደው ቆሙ። ከበሩ ስንጥቅ የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል፤ ከእንጦጦ የሚወርድ ንፋስ ሲኖር። አምስት ደቂቃቸውን ሳይጨርሱ ተመልሰው መጡ።

«ተቆጥቻለሁ» አሉኝ ሳይቀመጡ። «አልዋሽህም። ሱቁን ሲያሽጉ ልጄ ቆማ ታያለች። አርባ ዓመት በዚያ ሰፈር ኖሬ አንድም ቀን ፖሊስ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። ተቆጥቻለሁ።»

«ልክ ነዎት።»

«ልክ ነህ በለኝ አላልኩህም።» ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ያጥራል። «ያልከው ለምን እንደሆነም ይገባኛል። እውነቱን ሲሰሙ የሚለቁህ መስሎህ ነው። እኔም ሲጠይቁኝ እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ‹አዎ፣ ሁለት ሸጬለታለሁ፣ ጥሩ ሰንጢ ነው› አልኳቸው። ጻፉት።»

ሳላስበው፣ «ሦስተኛውስ?» አልኳቸው። እዚያ ቦታ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም።

ሐጂ እጃቸውን አዩት። «የአባታችን ነው። ወራቤ ወንድሜ ጋ አለ። አባታችን ገበያ ሲወርድ ይዞት የሚወርደው። ወንድሜ ከብረት ጋር ቀላቅሎ ሊጥለው ነበር፤ ተው፣ እኔ የምሰጠው ሰው አለኝ አልኩት።» ቀና ብለው፣ «ልሸጥልህ አልነበረም» አሉ።

ሰኞ መርማሪው ድጋሚ አስጠራኝ። ሻይ የለም። ወንበሩ አለ። ጠረጴዛው ላይ ጥቅል ጨርቄ ተዘርግቷል፤ መርማሪው በነርሷ ሰንጢ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ቆዳውን ሳይበጥስ አንድ ላይ ለማውረድ ይሞክራል፤ ይበጠስበታል። ሲጨርስ ስለቷን በመስኮቱ መጋረጃ ጠረጋትና አጥፎ ዘጋት።

«ጥሩ ትቆርጣለች» አለ።

አንድ የተተየበ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ወረቀቱ የእኔ ቃል ነው ይላል። ከግለሰቡ ሱቅ ለወጣቶች የሚከፋፈል ስለታማ መሣሪያ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ሦስተኛ ዙር እንደሚመጣም ተነግሮኛል ይላል። ከታች ለፊርማ መስመር አለው።

«ፈርምና ነገ ቤትህ ነህ» አለኝ። «አንተ ላይ ምንም የለንም። አስተማሪ ነህ፤ ተሳስተህ የገባህበት ነገር ነው። ሽማግሌው ግን ሌላ ነው።»

«አንተ» አለኝ። የመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ወረቀቱ እስኪተየብ ነበር ለካ።

ፈራሁ። ደፋር ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ በየቀኑ ዳገት ወርዳ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ታየችኝ። ልጄ የማትሪክ ተፈታኝ ነበረች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ለማንበብ አልነበረም፤ ጊዜ ለመግዛት ነው።

«እስክሪብቶ» አልኩት።

ፊቱ ፈታ አለ። የራሱን አውጥቶ ሰጠኝ።

ፊርማው መስመር ላይ አልደረስኩም። ከተተየበው በታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እንደማደርገው ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌ ጻፍኩ፦ «ከላይ የተጻፈው የእኔ ቃል አይደለም። ከሐጂ ሱቅ ሁለት ሰንጢ ገዝቻለሁ። ብርቱካን እልጥበታለሁ፤ እርሳስ እቀርጽበታለሁ። ሐጂ ሐቀኛ ነጋዴ ናቸው። ሌላ የማውቀው የለም።» ከሱ ሥር ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ክዳኑን ከድኜ መለስኩለት።

አነበበው። አልጮኸም። ወረቀቱን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቀደደውና ከብርቱካኑ ቆዳ ጋር ጣለው።

«እንግዲህ እንተያያለን» አለ።

ስመለስ ሐጂ፣ «ምን አሉህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ያው ነው» አልኳቸው። ልነግራቸው አልፈለግሁም። ብነግራቸው ውለታ ይሆናል፤ ያኔ ሊቆጡኝ አይችሉም። መቆጣት መብታቸው ነው፤ ያንን እንኳ ልወስድባቸው አልፈቀድኩም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን አብረን ቆየን። ተረከዛቸው ላይ አንድ ቁስል ነበር፤ ጫማቸው ያለማሰሪያ እየተንሸራተተ የላጠው። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሳስተምረው የኖርኩት ነው። ጥፍራቸው አድጎ አጠገቡ ያለውን ጣት ይወጋ ጀምሯል። የሚቆረጥበት የለም። ከስንቅ ዕቃ ላይ በተገኘ ሻካራ የሸክላ ስባሪ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ሞረድኩላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። አናወራም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እጅህ ጥሩ ነው» አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ስማቸው ተጠራ። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ነው የሚባለው። ስማቸውን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። የክፍሉን ሰው አንድ በአንድ ጨበጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን ይዘው፣ «በርታ» አሉኝ። ለሁሉም ያሉት ያንኑ ነው።

እኔ ከዚያ በኋላ ሰባ ሁለት ቀን ቆየሁ። ክስ አልቀረበብኝም። አንድ ረፋድ ቀበቶዬን ሰጡኝና ውጣ አሉኝ። ኤግዚቢት ክፍል ሄጄ ሰንጢዎቼን ስጠይቅ ጸሐፊዋ መዝገቡን አገላብጣ፣ «‹አንድ ጥቅል ጨርቅ› ነው የሚለው» አለችኝ። ጥቅሉን አምጥታ ሰጠችኝ። ኪሶቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። «ቆጥረህ ተረከብ» አለችኝ፤ የምትቀልድ አልነበረችም፤ ልማድ ሆኖባት ነው። ፈርሜ ተረከብኩ።

ሥራዬ ላይ መለሱኝ። ከሁለቱ ባልደረቦቻችን አንዱ ከእኔ በፊት ተመልሶ ነበር። የሌላውን እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ አሁን የሚጠይቅም የለም።

ወደ ሐጂ ሱቅ የሄድኩት ከወጣሁ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነው። ሱቁ ተከፍቷል። ድስቱና ገመዱ አለ። መስታወት ያለው የሰንጢው ሣጥን ቦታው ላይ የለም፤ በፋንታው የላስቲክ ባልዲ ተደራርቧል። ልጃቸው ስታየኝ ወደ ውስጥ ገባች። ሐጂ ብቅ አሉ። ትንሽ ያነክሳሉ። ጨበጡኝ፤ እጄን ቶሎ አልለቀቁትም። በርጩማ አወጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት መምህር» አሉኝ። «እርስዎ» ብለውኛል።

«እንኳን አብሮ አበቃን። እግርዎስ?»

«ሐኪም ቤት ሁለት ጣት ቆረጡልኝ። ደኅና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።»

ወደ እግራቸው አየሁ። መንገዱን አየት አደረጉ። በዚያ ሰዓት ታክሲ ጠባቂ ሰው ሰልፍ ይዞ ቆሟል፤ ማንም እኛን አያይም ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ከዛሬ በኋላ እዚህ አይምጡ።»

«እሺ ሐጂ።»

«ቂም አይደለም። ወላሂ ቂም አይደለም። ልጆቹ ይፈራሉ።» ወደ ውስጥ ዞር ብለው አዩ። «እኔም እፈራለሁ።»

«እሺ» አልኳቸው ደግሜ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ፤ ለደንበኛ እንደሚሰናበቱት። ሄድኩ።

ይህ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አሁን ከጳውሎስ ታክሲ ስይዝ አዲሱ ገበያን ሳልነካ በሌላው በኩል ነው የምወጣው፤ ረጅም ነው፤ ለምጄዋለሁ። ሰንጢ አልያዝኩም፤ አልሰበስብምም። ብርቱካን በእጄ ነው የምልጠው። ባለቤቴ አንድ ሁለቴ ገዝታ ልትሰጠኝ አስባ ነበር፤ ተይው አልኳት።

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት አንዲት ወጣት መምህርት ጫማዬን አይታ፣ «ጋሼ፣ ሲያምር! የት ነው የገዙት? ለአባቴ ልገዛለት ፈልጌ ነው» አለችኝ። የሸጠልኝ ሰው ጨዋ ነው፤ ቆዳውን ራሱ መርጦ ያወጣል፤ ሱቁም ከትምህርት ቤታችን አምስት ደቂቃ አያስኬድም። ደንበኛ ቢላክለት ደስ ይለው ነበር።

«አላስታውስም» አልኳት።

«ኧረ እባክዎ፣ ሰፈሩን ብቻ ይንገሩኝ።»

«አላስታውስም የኔ ልጅ» አልኳትና ደወሉ ሳይደወል ወደ ክፍሌ ገባሁ።